ራሱን በራሱ የሚያጠነክር ፕላስቲክ

ጉለሌ ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ፣ መወርወሪያውን በድሩ መሐል ያመላልሳል። የተሸመነው ጋቢና ነጠላ ለጭነት ሲዘጋጅ ማዳበሪያ ውስጥ ይታጨቃል። ያ ማዳበሪያም የራሱ ድርና ማግ አለው።

ማዳበሪያ የምንለው ከረጢት የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ብዙዎቹ የፕላስቲክ ወንበሮችም ከዚሁ ይሠራሉ። ታዲያ ወፍራሙ የወንበር እግር እየተሰበረ፣ ስሱ ማዳበሪያ ኩንታል ጤፍ የሚችለው እንዴት ነው? ጥጥ አመልማሎ ሳለ በሁለት ጣት ይበጠሳል፤ ተፈትሎ ሲከር ግን ይጠነክራል። ፕላስቲኩም በስሱ ተሰንጥቆ፣ እየሞቀ ብዙ እጥፍ ሲሳብ የተጠላለፉት ሞለኪውሎቹ በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ካረጀ ማዳበሪያ አንድ ክር መዝዛችሁ ሞክሩት፤ በቁመቱ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ጎትቶ መበጠሱ ግን ጣት ያማል።

ችግሩ ጨርቅ ቅርጽ አለመያዙ ነው። አቅልጠን ቅርጽ እናስይዘው ብንል ሰልፉ ይፈርስና ወደ አመልማሎነቱ ይመለሳል። ለዚህ መላ ካበጁት መካከል የእንግሊዙ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ ኢያን ዋርድና ባልደረቦቹ ይገኙበታል። የተሸመነው ጨርቅ ተደራርቦ በሙቀት ይጨመቃል። ፖሊፕሮፒሊን የሚቀልጠው 165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ ሙቀቱ በጥንቃቄ ሲመጠን የእያንዳንዱ ክር ገጽ ብቻ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም ሙጫ ሆኖ ሁሉን ያያይዛል። ውስጡ እንደተሰለፈ ይቆያል። ሙቀቱ ጥቂት ካለፈ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

እንዲህ የተገኘው ጠፍጣፋ ሰሌዳ እንደገና ሞቆ በሞልድ ይታተማል። የሻንጣ አምራቹ ሳምሶናይት በ2008 እ.ኤ.አ. ኮስሞላይት የተባለውን ሻንጣ ሠርቶ ያወጣው ከርቭ ከሚባል የዚህ ዓይነት ሰሌዳ ነው። የመኪና ሆድ መከላከያና የስፖርት መከላከያዎችም ይሠሩበታል። ከውሃ ይቀልላል፤ ሲመታም ቶሎ አይሰበርም። ከፍተኛ ሙቀት ባለበት ቦታ ግን አይሆንም።

ፕላስቲክን በመስታወት ክር ማጠንከር የቆየ ዘዴ ነው፤ ዕቃው ሲያረጅ ግን ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ነው። እዚህ ክሩም ሙጫውም አንድ ፕላስቲክ ስለሆነ፣ አብሮ ቀልጦ ሌላ ዕቃ ይወጣዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በዚህ ዕቃ ይሠራል።

ማዳበሪያ የሚሸምኑ ፋብሪካዎች በአገራችን አሉ። የምህንድስና ተማሪዎች ሆይ፣ ሽሮ ሜዳ ወጥታችሁ ድሩ እንዴት እንደሚወጠር፣ ማጉ እንዴት እንደሚጠብቅ ከሸማኔው አጠገብ ተቀምጣችሁ እዩ። የዚህ ጠንካራ ሰሌዳ መነሻው ሽመና ነው።