ስለ ጨጓራ በሽታና ስለ ሰውነት ጠባቂዎች ልጓም

በይፋት ቆላ፣ በማጀቴም ሆነ በሸዋ ሮቢት፣ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» የሚል ሰው የሌለበትን ቤተ ሰብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የሚሰጠውም ምክንያት በርበሬ፣ በባዶ ሆድ የተጠጣ ቡናና ንዴት ነው። ተልባ ይጠጣል፤ እርጎም ይፈለጋል፤ ሕመሙ ለጊዜው ጋብ ብሎ ደግሞ ይመለሳል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ለመግለጥ የምንሞክረው ለምን እንደሚመለስ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የብዙው የጨጓራ ቁስል መነሻ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ነው። አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በ1982 አሳድገው ለዩት፤ የሚያምናቸው ቢያጡ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ፤ ሁለቱም በ2005 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። በኢትዮጵያ የተደረጉት ጥናቶች ሲደመሩ ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያውን ይዘው ተገኝተዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው በልጅነት ነው፤ ካልታከመም ዕድሜ ልክ ይቆያል። ሰውነት ጠባቂዎች ሳሉት ይህን እንግዳ ማስወጣት ለምን ተሳነው?

ለመልሱ የማሽላ ማሳ እናስብ። ማሽላው ሲያሽት ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃል። ወፉ ከሄደ በኋላ መወርወሩን ካላቆመ ግን የሚሰብረው የማሽላውን ራስ ነው (በልጅነቱ ወንጭፍ የያዘ ሁሉ ይህን ያውቃል)። ስለዚህ «በቃ!» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

በደማችን ያሉት ጠባቂዎች ቲ ሕዋሳት ይባላሉ። በገላቸውም ላይ ይህን «በቃ» የሚሰሙበት ጆሮ አላቸው፤ እኛ አጋች ተቀባይ ብለነዋል። ከነዚህ አንዱ ፒዲ አንድ ሲሆን በ1992 በኪዮቶ በፕሮፌሰር ታሱኩ ሆንጆ ቤተ ሙከራ ተገኘ። ሌላ ሕዋስ ፒዲኤል አንድ የተባለውን ፕሮቲን በገጹ ላይ አውጥቶ ከዚህ ጆሮ ጋር ሲያገናኝ ጠባቂው ይዝላል፤ መባዛቱንም ይተዋል። ልጓሙ ከንቱ አይደለም፤ ፒዲ አንድ የሌላቸው አይጦች የገዛ አካላቸው የሚያጠቃቸው በሽታ ይዟቸዋል።

ባክቴሪያው የጨጓራ ግድግዳ ሕዋሳት ፒዲኤል አንድን አብዝተው እንዲያወጡ ያደርጋል፤ ይኸውም ሌባ ባለቤቱን «በቃ» አሰኝቶ ዘበኛውን እንደ ማስተኛት ነው። ከዚህም በቀር፣ በ2016 የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሆፕኪው በተባለ ፕሮቲኑ ሲያካም አንድ የተባለውን ተቀባይ ይይዛል፤ ይህም ተቀባይ በጠባቂዎቹ ላይ ሲገኝ ያግዳቸዋል። ጠባቂዎቹ ግን ጨርሰው አይተኙም። ማጥፋት ሳይችሉ ለዓመታት ይቆጣሉ፤ ግድግዳውም በዚህ ይጎዳል፤ በአንዳንዱ ሰው ቁስል፣ በጥቂቱም ነቀርሳ ይከተላል። የነቀርሳውም ሕዋስ በዚያው «በቃ» ሊሸሸግ ይችላል። ልጓሙን የሚፈታው ኒቮሉማብ የተባለ መድኃኒት በ2017 በጃፓን ለጨጓራ ነቀርሳ ተፈቀደ፤ ሆንጆም በ2018 ከአሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ጋር ኖቤል ተሸለመ። መድኃኒቱ ለሁሉ አይሠራም፤ ዋጋውም ውድ ነው፤ ልጓሙ የተፈታ ጠባቂም አንጀትን ሊያቆስል ይችላል።

በቡታጅራ የሦስት ዓመት ልጆች ላይ የተደረገና በ2011 የታተመ ጥናት ደግሞ ባክቴሪያው ያለባቸው ልጆች በቆዳ ምርመራ የአለርጂ ምልክት ማሳየታቸው ያነሰ መሆኑን ገልጧል። የታገደ ጠባቂ በአቧራም አይቆጣም ይሆናል፤ ነገር ግን አብሮ መገኘት ምክንያት መሆንን አያረጋግጥም።

ቁስሉን ለማዳን ልጓሙን መንካት አያስፈልግም፤ ባክቴሪያውን መግደል ይበቃል። ሕክምናው አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ የባክቴሪያ መድኃኒቶች ጋር፣ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን ነው። ችግሩ ሕመሙ በጥቂት ቀን ሲቀል ኪኒኑ መተዉ ነው፤ የተረፈውም ባክቴሪያ መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። እንደ ዲክሎፌናክ ያለ የሕመም ማስታገሻም በራሱ ጨጓራን ያቆስላል። ደም የቀላቀለ ትውከት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዓይነ ምድር ያየ ሰው ተልባ ይዞ ሳይቀመጥ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።