የሚጠፉት የቅርቦቹ ናቸው

ጅዳ የኖረን መጽሐፍ ሳልከፍተው አውቀዋለሁ። ሽፋኑ አብጧል፣ ጠርዙ ተወላግዷል፣ ገጾቹ እርስ በርስ ተያይዘው ሲላቀቁ ይንጣጣሉ። መካ የኖረው ደግሞ ደርቆ ጀርባው ተሰነጣጥቋል፣ ሙጫው እንደ አሸዋ ይረግፋል። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለወረቀት ግን ሁለት የተለያየ አገር ናቸው።

ሥራዬ መካ፣ ጀርወል ሰፈር ውስጥ መጽሐፍ መጠረዝና መጠገን ነው። የዘወትር እንጀራዬ ቁርአን ነው፤ ከአያት ለልጅ ልጅ የወረደ፣ የመጀመሪያ ጥራዙ የወለቀ፣ ባለቤቱ በአዲስ ሊለውጠው የማይፈልግ። የፊቅህና የሐዲስ መጻሕፍት፣ የተማሪ ደብተር፣ የሱቅ መዝገብም ይመጣል። ከነዚህ መካከል አልፎ አልፎ ከጅዳ የሚላክልኝ ሌላ ዓይነት መጽሐፍ አለ፤ የቀይ ባሕርን ዓሣ፣ ኮራልና ዛጎል የሚያሳይ፣ ከገበያ ከወጣ ዓመታት ያስቆጠረ። ባለቤቶቹ ሰብሳቢዎች ናቸው፤ ጠላቂዎች፣ የባሕር ተመራማሪዎች፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲሶች፣ አንዳንዶቹም የአገሬ የኢትዮጵያ ልጆች። በእጄ ሲያልፉ ፍቅራቸው ተጋብቶብኝ ዛሬ የራሴም መደርደሪያ አለኝ።

ሰው አሮጌ መጽሐፍ ሲባል ሐሳቡ ወደ ጥንቱ ይሮጣል። እኔ በሥራዬ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ሊጠፉ የደረሱት የጥንቶቹ ሳይሆኑ በወላጆቻችንና በእኛ ዕድሜ የታተሙት ናቸው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ከጥንቱ ልነሣ። ፔተር ፎርስኮል የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዓረብ ምድር ከላካቸው ተመራማሪዎች አንዱ ነበር። በ1762 መጨረሻ ጅዳ ገባ። ዓሦቹን ከነአረብኛ ስማቸው መዘገበ፤ ከዚያ ለዕፀዋት እንደሚደረገው የዓሣውን አንድ ጎን ገፎ፣ አድርቆ፣ ወረቀት ላይ ለጠፈው። በዓመቱ የመን ውስጥ በወባ ሲሞት ዕድሜው 31 ነበር። ከጉዞው በሕይወት የተመለሰው ብቸኛ ሰው ካርስተን ኒቡር የሟቹን ማስታወሻ ሰብስቦ በ1775 ኮፐንሃገን ላይ አሳተመለት። ወረቀት ላይ የተለጠፉት የዓሣ ቆዳዎች እስከ ዛሬ እዚያው ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ። ለእንደኔ ዓይነቱ የወረቀትና የሙጫ ሰው ከዚህ የበለጠ የሥራ ምስክር የለም፤ በደንብ የተለጠፈ ነገር ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ይቆያል።

ከፎርስኮል በኋላ ጀርመኖቹ ሄምፕሪችና ኤረንበርግ መጡ። ሄምፕሪች በ1825 ምጽዋ ላይ ሞተ፤ ባልንጀራው አገሩ ተመልሶ በ1834 የቀይ ባሕርን ኮራሎች የሚዘረዝር ሥራ አወጣ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከምጽዋ ተነሥቶ ሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን አይቶ ተመለሰ፤ ከ1835 ጀምሮም የአቢሲንያን እንስሳት የሚመለከት ሥራውን ፍራንክፈርት ላይ በክፍል በክፍል አሳተመ። ዋልያና ጭላዳ በሳይንስ ስማቸው የታወቁት በዚያ ሥራ ነው። የቀይ ባሕር ዓሦችም በዚያው ውስጥ አሉ። የደጋው ዋልያና የምጽዋ ዓሣ በአንድ ሽፋን ሥር ተጠርዘው መገኘታቸው ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

እነዚህ መጻሕፍት ዋጋቸው የሚቀመስ አይደለም፤ ነገር ግን አያሰጉም። በታላላቅ ቤተ መጻሕፍት በክብር ተቀምጠዋል፣ የቅጂ መብታቸው ካበቃ ቆይቷል፣ የፎርስኮልም ሆነ የሩፔል ሥራ ገጽ በገጽ ተነሥቶ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል። ጀርወል የተቀመጠ የታክሲ ሹፌር ተሳፋሪ እስኪመጣ የሩፔልን ዓሣ በስልኩ ሊያይ ይችላል።

አሁን የቅርቦቹን እንያቸው። የሳዑዲ ዓረቢያን እንስሳት የሚመዘግበው ተከታታይ ጥራዝ በ1979 መውጣት ጀመረ። በ1981 ጉናር ቤመርትና ሩፐርት ኦርመንድ በቀይ ባሕር የኮራል አለቶች ላይ፣ ዶሪን ሻራባቲ ደግሞ በሳዑዲ ዛጎሎች ላይ መጽሐፍ አወጡ። የጆን ራንዳል የቀይ ባሕር ዓሦች መጽሐፍ በ1983 ለንደን ታተመ። በ1986 ፒተር ቫይን አከርካሪ የሌላቸውን የባሕር እንስሳት አስከተለ። ያኔ ጅዳ ለሚኖር ጠላቂ የዘወትር መመሪያዎቹ ነበሩ። ዛሬ ከነዚህ አንዱን አዲስ አድርጎ የሚሸጥ መደብር ማግኘት ይከብዳል፤ እንደ ጥንቶቹ በነጻ ተከፍተውም አይነበቡም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ራንዳል ከ800 በላይ የዓሣ ዝርያዎችን ለሳይንስ አስተዋውቆ በ2020 አረፈ። በሳዑዲ የቅጂ መብት ሕግ ጥበቃው ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያልና እስከ 2070 ማንም እንደፈለገ አያባዛውም፤ በእንግሊዝ ደግሞ 70 ዓመት ነው። የደራሲ መብት ሊከበር ይገባል፤ እኔም ሙሉ መጽሐፍ ኮፒ አድርግልኝ ለሚለኝ ሁሉ የምመልሰው አይሆንም ብዬ ነው። ውጤቱ ግን ይህ ነው፦ አሳታሚ አያሳትመውም፣ ሌላው እንዲያሳትመው አይፈቀድለትም፣ ያሉት ቅጂዎች ደግሞ በየዓመቱ ይመናመናሉ።

የሚመናመኑበትን መንገድ በእጄ ስለማየው በቅርብ ልግለጸው። የባሕር መጽሐፍ ፎቶው እንዲጠራ በአርት ወረቀት ይታተማል። የአርት ወረቀት ፊቱ በደቃቅ ነጭ ሸክላ የተለሰነ ነው። ውሃ ሲነካው ልስኑ ይሟሟና ከፊት ለፊቱ ካለው ገጽ ጋር ይዋሐዳል፤ አንዴ ተጣብቆ ከደረቀ ማንም ጠራዥ አያላቅቀውም፤ ላላቅቀው ቢል የዓሣው ምስል ተገሽልጦ ይወጣል። ስለዚህ መጽሐፉ ከጀልባ ላይ ውሃ ከገባ ፀሐይ ላይ አታስጡት። ገና እርጥብ ሳለ በየገጹ መካከል ንጹሕ ወረቀት አስገቡና በነፋሻ ቦታ አድርቁት፤ ጊዜ ከሌላችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡና ወደ ጠጋኝ አምጡት። ጨው የነካውን ሽፋን ከደረቀ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት፤ ጨው እርጥበት ይስባልና ካልተጠረገ ሻጋታው ይመለሳል።

ሌላው ጠላት ሙጫው ነው። የዚያ ዘመን ብዙ መጽሐፍ በክር አልተሰፋም፤ የገጾቹ ጀርባ ተከርክሞ በትኩስ ሙጫ ነው የተያዘው። ሙጫው ሲያረጅ ይደርቃል፤ ሰው ዓሣውን ለማየት ሙሉ በሙሉ ሲከፍተው ይሰበራል፣ ገጹም ይወልቃል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ አሮጌ ሙጫውን ፍቄ፣ ገጾቹን በትንሽ በትንሹ ደርቤ በወስፌ በስቼ በክር እሰፋዋለሁ። አከፋፈቱ ጠበብ ይላል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ አይበተንም።

አንድ የራንዳል የ1983 ቅጂ እንዲህ ስሰፋ ከናጂሉ ሥዕል አጠገብ በእርሳስ የተጻፈ ማስታወሻ አየሁ። ናጂል የጅዳ ሰው ከዓሣ ሁሉ አስበልጦ የሚወደው፣ በቀይ ገላው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበት ዓሣ ነው። ማስታወሻው የዓሣውን አዲስ የሳይንስ ስምና 1986 የሚል ዓመት ይዟል። በ1986 ራንዳል ራሱ ከአውስትራሊያ ሙዚየሙ ዳግላስ ሆይዚ ጋር ሆኖ የናጂልን ወገኖች ሁሉ እንደገና መርምሮ፣ ለቀይ ባሕሩ ማሪስሩብሪ የሚለውን የራሱን ስም ሰጥቶታል፤ ትርጉሙም የቀይ ባሕር ማለት ነው። ይህ ስም ከዚያ ሦስት ዓመት ቀድሞ በወጣ መጽሐፍ ውስጥ ሊኖር አይችልም፤ የመጽሐፉ ባለቤት ግን ወሬውን ተከታትሎ በእጁ ጨመረበት። ባለሙያ ያልሆነ ሰው ይህን ቆሻሻ ነው ብሎ በላጲስ ያጠፋዋል። እኔ አልነካሁትም። በሌላ ቅጂ ጠርዝ ላይ ዓሣው የታየበት ቀን፣ ቦታና ጥልቀት ሁሉ ተጽፎ ይገኛል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ አንድም ሁለትም ነው፤ የደራሲውም የጠላቂውም ሥራ አለበት።

የአውስትራሊያን ነገር ካነሣሁ ዘንዳ፣ ከሰብሳቢዎቹ መካከል የዚያን አገር የባሕር መጻሕፍት ብቻ የሚያሳድዱ አሉ። የዊልያም ሳቪል ኬንት የ1893 ታላቅ የኮራል አለት መጽሐፍ፣ የሮውሊ የ1936፣ የዊትሊ የ1940 የሻርኮች መጽሐፍ፣ የኢሶቤል ቤኔት የ1971። ከጅዳ ሆኖ የአውስትራሊያ መጽሐፍ ምን ይሠራል ለሚል መልስ አለኝ። ሁለቱ ባሕሮች በሕንድ ውቅያኖስ በኩል የተያያዙ ናቸው። በጅዳ ገበያ ሹዑር የሚባለውን ዓሣ ፎርስኮል በ1775ቱ መጽሐፍ ስም አወጣለት፤ አውስትራሊያዊም ያንኑ ዓሣ ከራሱ ባሕር ያጠምዳል፣ መጽሐፉም ላይ ከፎርስኮል ስም ጋር ያገኘዋል። የዚያን አገር መጽሐፍ ያነበበ የራሱን ባሕር ዓሣ ኑሮ ይማራል።

ሁለተኛውና የሚበልጠው ምክንያት ምስክርነት ነው። ሳቪል ኬንት ውሃው ሲሸሽ የተጋለጠውን ኮራል በፎቶግራፍ አንሥቶ መጽሐፉ ውስጥ አስገባ። ከመቶ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ያንን መጽሐፍ ይዘው እንደ ስቶን ደሴት ያሉትን ቦታዎች ፈልገው፣ ከዚያው ቦታ ላይ ቆመው፣ የዛሬውን ከጥንቱ ጋር አነጻጸሩ። አንድ የቆየ መጽሐፍ ባይኖር ኖሮ ምን እንደተለወጠ የሚናገር አይኖርም ነበር። የእኛም ጠረፍ ይህ ያስፈልገዋል። የጅዳ ኮርኒሽ ሲዘረጋ ጥልቀት የሌለው የኮራል አለት ብዙው ክፍል በአፈርና በድንጋይ ተሞልቷል። ከጅዳ በስተሰሜን ካለችው ከቱወል ወጣ ብሎ ያለው ኮራል በ2010 እና በ2015 ውሃው ሞቆ ነጥቷል። ከዚያ በፊት የነበረውን መልክ በቀለም ያስቀመጡልን የ1980ዎቹ መጻሕፍት ናቸው። እነሱ ሲበተኑ የሚጠፋው የባሕሩ የልጅነት ፎቶ ነው።

ለኢትዮጵያውያን የሚቀርብም አለ። በ1952 መጨረሻ፣ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በተዋሐደች በወራት ውስጥ፣ በብሩኖ ቫይላቲ የሚመራ የጣልያን የጠላቂዎች ቡድን ወደ ዳህላክ ደሴቶች ሄደ። ከዚያ ጉዞ የፎልኮ ኩይሊቺ ፊልምና መጽሐፍ፣ እንዲሁም የጋዜጠኛው ጂያኒ ሮጊ ዳህላክ የተሰኘው መጽሐፍ በ1954 ወጡ። በ1962 እና በ1965 ደግሞ የእስራኤል ተመራማሪዎች በእነዚያው ደሴቶች ሠርተው ውጤታቸውን በቀጫጭን የሳይንስ ጥራዞች አሳትመዋል። እነዚህ ሁሉ የዳህላክ ባሕር በዚያ ዘመን እንዴት እንደነበረ የሚናገሩ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን በጣልያንኛና በእንግሊዝኛ ነው። ዳህላክ ዛሬ የኤርትራ ነው፤ ታሪኩ ግን በሁለቱም አገር ሰዎች መደርደሪያ ላይ ቢገኝ ያምራል።

እነዚህን መጻሕፍት ከጥፋት የሚያተርፈው ማን ነው? ሁልጊዜ ባለሀብት አይደለም። ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ ለዑምራ ስትመጣ ካርቶን በትከሻዋ ይዛ ሱቄ ገባች። «ጋሼ፣ ቤት ሲለቁ ሊጥሏቸው ነው። ማዳሜን ጠይቄ ነው ያመጣሁት፤ ሥዕሉን ሳየው መጣሉ አንጀቴን በላው» አለችኝ። ከካርቶኑ የሻራባቲ የዛጎል መጽሐፍ ከነሽፋኑ ወጣ። እንግሊዝኛውን አታነብም፤ ግን የማይጣል ነገር መሆኑን ዓይኗ ለየው። ለመጽሐፉ የሚገባውን ዋጋ ከፈልኳት፣ መጽሐፉም ለሚያውቀው ሰው ደረሰ።

ከእሷ ተቃራኒ የሚሠሩ ነጋዴዎችም አሉ። ሥዕሎቹን በምላጭ ቆርጠው፣ ፍሬም አስገብተው በነጠላ ይሸጣሉ፤ ቀሪውን ጽሑፍ ይጥሉታል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዓሣ ስሙ፣ የተገኘበት ቦታና ጥልቀቱ ከተለየው ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ የተቆረጠ ሥዕል ይዞ ጥረዛ የሚጠይቀኝን አልቀበልም፤ እናንተም አትግዙ። የሚገዛ ከጠፋ የሚቆርጥ አይኖርም።

ጅዳም ሆነ መካ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ቤት ሲለቀቅ መጽሐፍ ሊጣል ሲል ካያችሁ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ አንሡት። ዓሣ፣ ኮራል፣ ዛጎል ወይም ዳህላክ የሚል ከሆነ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። ሰብሳቢዎች ደግሞ ከእናንተ በኋላ ማን እንደሚረከበው በሕይወት ሳላችሁ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ወራሽ ያልተነገረው መደርደሪያ በሳምንት ውስጥ ሐራጅ ሲወጣ አይቻለሁ። የዳህላኩን ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ የዓሣውን የዓሣ ሀብት ትምህርት ለሚሰጠው ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ብታበረክቱ ተማሪ ይጠቀምበታል። የ1775ቱ መጽሐፍ ጠባቂ አለው። የ1983ቱ ግን ገና ጠባቂ አላገኘምና በእጃችሁ ያለውን ዛሬውኑ ክፈቱት፤ ገጹ ከላላ ሳይወልቅ አምጡልኝ፣ እሰፋዋለሁ።