ሽጉጡን አንዴ፣ ጥይቱን ሁልጊዜ

እ.ኤ.አ በ2024 የተካሄደው የፓሪስ ኦሊምፒክ ሲነሳ ብዙ ሰው ከሩጫው ቀጥሎ የሚያስታውሰው አንድ ቱርካዊ ነው። ዩሱፍ ዲኬች ይባላል። የ51 ዓመቱ ጎልማሳ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ዓይነት መነጽር አድርጎ ሲተኩስ የተነሳው ፎቶ ዓለምን አዳረሰ። ከአገሩ ልጅ ከሸቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በ10 ሜትር የድብልቅ ውድድር የብር ሜዳሊያ ወሰደ። ወርቁን የወሰዱት ሰርቢያውያኑ ዞራና አሩኖቪችና ዳሚር ሚኬች ነበሩ። እነሱን ግን ማን አስታወሳቸው?

ፎቶውን አይቶ «እኔስ ብሞክረው?» ያለ ሰው አይፈረድበትም። በተለይ አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን ነገሩ ሩቅ አይደለም። ሬንጅ የሚባለው የተኩስ መለማመጃ እዚያ አገር ሞልቷል። ችግሩ የሚመጣው ከሬንጅ መልስ ወደ ሽጉጥ መሸጫ ጎራ ሲባል ነው። መደርደሪያው ሙሉ ነው፣ ሻጩ ምላሱ ቅቤ ነው፣ ኪስ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ስለዚህ ለኢላማ ልምምድ የሚሆን፣ ኪስ የማያራቁት ሽጉጥ ሲመረጥ ምን መታየት እንዳለበት ዛሬ እናውጋ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ዩሱፍ ፓሪስ ላይ የተኮሰበት ሽጉጥ በአየር ግፊት የሚሠራ ነው፣ ባሩድ የሚባል ነገር የለውም። ባሩድ ካላቸው መሃል ለጀማሪ የሚመከረው 22 ካሊበር የምትባለዋን፣ 5.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላትን ትንሽ ጥይት የሚጎርሰው ነው። ሪምፋየር ይሉታል። ጥይቷን የሚለኩሰው ቅመም የተቀመጠው በቀለሁ መቀመጫ መሃል ላይ ሳይሆን ዙሪያውን ጠርዙ ውስጥ ነው። የሽጉጡ መምቻ ጠርዙን ሲመታው ቅመሙ ይፈነዳል፣ ባሩዱም ይቀጣጠላል። አሠራሯ ቀላል ስለሆነ ርካሽ ናት። ሎንግ ራይፍል የተባለው ዓይነቷ ከ1887 ጀምሮ እስካሁን ገበያ ላይ አለ።

ትልቁ ጥቅሟ ግን አለመራገጧ ነው። ትልልቆቹ ሽጉጦች ሲተኮሱ እጅን ወደ ላይ ይወረውራሉ፣ ጆሮም ያደነቁራሉ። ጀማሪው ታዲያ ገና ምላጩን ሳይስብ ርግጫውን እየጠበቀ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንጓውን ያጥፋል። ይሄ አመል አንዴ ከያዘ ለመተው አበሳ ነው። በ22 የጀመረ ሰው ከዚህ ጣጣ ብዙውን ያመልጣል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የጥይት ዋጋ ከቦታ ቦታ፣ ከጊዜ ጊዜ ይለያያል። ለስሌት እንዲመች ግን አንዷን 22 በ8 የአሜሪካ ሳንቲም፣ አንዷን 9 ሚሊ ሜትር በ25 ሳንቲም እንያዝ። በሳምንት 100 ጥይት የሚተኩስ ሰው በዓመት 5,200 ይተኩሳል። በ22 ከሆነ 416 ዶላር፣ በ9 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1,300 ዶላር ያወጣል። ልዩነቱ 884 ዶላር ነው። በዚህ ገንዘብ ደህና የ22 ሽጉጥ ተገዝቶ ገና ይተርፋል። እንግዲህ ሰው መደርደሪያው ፊት ቆሞ በ50 ዶላር ልዩነት ሲጨነቅ፣ የሚበላውን ጥይት ሳያስብ ይገዛና ሽጉጡ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀራል። 100 ጥይት በሳምንት የሚተኩስ ባለ ርካሽ ሽጉጥ፣ በወር አንዴ ከሚተኩስ ባለ ውድ ሽጉጥ ቀድሞ ኢላማውን ይመታል። ኳስም ላይ ያው ነው፤ ውድ ታኬታ ያደረገ ሁሉ ጎል አያገባም።

ለመሆኑ ደህና የሚባሉት የትኞቹ ናቸው? ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳው ሦስት ነው። ሩገር ማርክ 4፣ ብራውኒንግ በክ ማርክና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ቪክቶሪ። እንደየዓይነታቸው ዋጋቸው ይለያያል እንጂ ቀላሎቹ ከ600 ዶላር በታች ይገኛሉ። ሦስቱም በአንድ ካዝና 10 ጥይት ይይዛሉ።

የሩገር ታሪክ ራሱ የርካሽ ነገር ታሪክ ነው። ቢል ሩገር የተባለ ሰው ከጃፓኑ ናምቡ ሽጉጥ ሐሳብ ወስዶ አንድ የ22 ሽጉጥ ይነድፋል። አሌክሳንደር ስተርም የተባለው ሸሪኩ 50,000 ዶላር አወጣና በኮነቲከት ግዛት ሥራ ጀመሩ። በ1949 ገበያ ላይ ሲያወጡት ዋጋው 37 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ስተርም በ1951 በወጣትነቱ ሞተ፣ ሽጉጡ ግን እየተሻሻለ እስከ ዛሬ አለ። የድሮዎቹ አንድ የታወቀ ችግር ነበረባቸው። ለማጽዳት ፈትቶ መልሶ መግጠም ራስ ምታት ነው! በ2016 የወጣው ማርክ 4 ይሄን ገላገለ፤ ከኋላ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ይፈታል። በክ ማርክ ከ1985 ጀምሮ ያለ ሲሆን በምላጩ ልስላሴ ይመሰገናል። ቪክቶሪ ደግሞ በርሜሉ አንድ ብሎን ብቻ ተፈትቶ ይቀየራል፣ ነገ ማሻሻል ለሚያምረው ሰው ይመቻል።

ከስሙ ይልቅ ግን ምላጩን እዩ። ምላጩ ከባድና የሚንገጫገጭ ከሆነ ተኳሹ ሲስበው አፈሙዙ ይነቃነቃል፣ ጥይቱም ይስታል። በዓለም አቀፉ የ25 ሜትር ውድድር ምላጩ ቢያንስ 1 ኪሎ ግራም መሸከም አለበት። ከመደርደሪያ የሚገዙት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይከብዳሉ። መክበዱ ብቻውን አይጎዳም፣ ዋናው ሳይንቀጠቀጥ በንጹሕ መለቀቁ ነው። ቀጥሎ ማነጣጠሪያው ወደ ላይና ወደ ጎን የሚስተካከል መሆን አለበት። የማይስተካከል ማነጣጠሪያ ያለው ሽጉጥ ለኢላማ ልምምድ ምን ዋጋ አለው?

እጀታው ደግሞ እንደ ጫማ ነው፣ ለጓደኛ የሆነው ለእናንተ ላይሆን ይችላል። ሻጩን አስፈቅዳችሁ፣ ባዶ መሆኑን ሁለታችሁም አይታችሁ፣ ወደ አስተማማኝ አቅጣጫ አዙሩት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እጃችሁን አንሱና ግለጡ። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው ገጥሞ ከታያችሁ እጀታው የእናንተ ነው። አፈሙዙ ወደ ሰማይ ወይ ወደ መሬት ካየ ሌላውን ሞክሩ። ሩገር 22/45 የተባለው የማርክ 4 ዓይነት ይሄን ብሎ የተሠራ ነው፣ የእጀታው ዘንበል ማለት ከመደበኛው ይለያል።

እነ ፓርዲኒ የመሳሰሉት የኦሊምፒክ ሽጉጦች ከ2,000 ዶላር በላይ ናቸው። ለጀማሪ ገና ናቸው። ሀንጋሪያዊው ካሮሊ ታካች በ1938 የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁን ሲጎዳው በግራው መተኮስ ተማረ፤ በ1948 ለንደን ላይ፣ በ1952 ደግሞ ሄልሲንኪ ላይ በፈጣን ተኩስ ወርቅ ወሰደ። ይሄ በልምምድ እንጂ በሽጉጥ ዋጋ አይመጣም። ታዋቂውን የሶቭየት 22 የኢላማ ሽጉጥ የነደፈው ሚካኢል ማርጎሊን ደግሞ ዓይነ ሥውር ነበር። በነገራችን ላይ ስታር ዋርስ ፊልም ላይ ልዕልት ሊያ የያዘችው መሣሪያ የተሠራው ከማርጎሊን ሽጉጥ ነው።

ሪምፋየር ጣጣም አለበት። ጠርዙ ላይ ያለው ቅመም እኩል ካልተዳረሰ ጥይቱ ይከሽፋል። ያኔ አፈሙዙን ከኢላማው ሳያነሱ 30 ሰከንድ ያህል መጠበቅ ነው፣ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለና። ሽጉጡም ጥይት ያማርጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ከሦስት አራት ዓይነት አንዳንድ ፓኬት ገዝቶ መሞከር ይሻላል። ለኢላማ ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚሄደው፣ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ የሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የሚስማማው ሲገኝ ትንሽ ማስቀመጥም አይከፋም። በ2012 መጨረሻ ኮነቲከት ውስጥ ትምህርት ቤት ላይ ከደረሰው እልቂት በኋላ «ሕግ ይጠብቃል» ተብሎ ሰው ስለተሻማ፣ በ2013 የ22 ጥይት ከመደርደሪያ ጠፍቶ ነበር።

ሕጉንም እንዳትዘነጉ። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላትና የጀርባ ታሪክ ማጣራቱን ማለፍ ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ያለው ይችላል፤ በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን በጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ በቀር መያዝም ክልክል ነው። ብዙ ወገኖቻችን ያሉበት ሜሪላንድ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ ለብቻው የሽጉጥ መግዣ ፈቃድ፣ አሻራና ሥልጠና ይጠይቃል። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ የሚቆለፍ ሳጥን ከሽጉጡ ጋር አብሮ ይገዛ፤ የ22 ጥይት ትንሽ ናት ማለት አትገድልም ማለት አይደለም። ከሬንጅ ሲመለሱም ከመብላት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ነው፣ እርሳስ መርዝ ነው።

አሮጌ ልግዛ ለሚል ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ከሰኔ 1 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ ጁን) በፊት የተሠሩ ማርክ 4 ሽጉጦችን ሩገር ራሱ ለጥገና መልሶ ጠርቷቸዋል። የደህንነት መቆለፊያው ሲነካካ ሳይታሰብ ሊተኩሱ ይችላሉና። ቁጥሩን ለፋብሪካው ሰጥቶ፣ ጥገናው ተደርጎለት እንደሆነ ጠይቆ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዋጋ ማውራት።