ለልጅ የሚሆን ቢላዋ እንዴት ይመረጣል?

በእኛ ቤት ልጅ ቢላዋ ሲይዝ ያየ ትልቅ ሰው ቶሎ የሚለው «አስቀምጥ!» ነው። በስዊድን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ልጆች ጫካ ሲወጡ እንጨት መቅረፅ ይማራሉ፤ ስካውት የሚገቡት ደግሞ የቢላዋ አያያዝን እንደ አንድ ትምህርት ይወስዱታል። በስቶክሆልምና በጎተንበርግ ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉምና ጥያቄው ሀበሻ ቤትም ገብቷል። እዚያ የሚኖረው የልጅ ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው የጠየቀን ስጦታ ቢላዋ ነበር። እናቱ ጨርሶ አይሆንም አለች። አጎቱ «ከገዛን አይቀር ወፍራሙንና ጠንካራውን እንግዛለት» አለ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ቁስል ሳጥብና ስሸፍን የኖርኩ ነርስ ነኝና፣ ከመከራከር በፊት ቢላዋዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጠን እንይ አልኩ።

ያየናቸው ሁሉ የሞራ ቢላዋዎች ናቸው። ሞራ ዳላርና በሚባለው የስዊድን ክፍለ ሀገር ያለች፣ በቢላዋ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። ዛሬ ሞራክኒቭ ተብሎ የሚታወቀው ፋብሪካ ታሪኩን የሚቆጥረው ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ቢላዋው እንደ ሰንጢ አይታጠፍም፤ ስለቱ ከእጀታው ጋር የተተከለ ነው፤ የሚቀመጠውም በአፎት ነው። ሁሉም ከሩቅ ሲያዩአቸው ወንድማማች ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው የሚታየው ቀረብ ሲሉ ነው።

የመጀመሪያው «ክላሲክ ቁጥር 1» የሚባለው ነው። እጀታው ቀይ ቀለም የተቀባ እንጨት ሲሆን መሐሉ ወፈር ያለ ነው። በእጀታውና በስለቱ መካከል ግን ጣት የሚያቆም ነገር የለውም። ልምድ ላለው ጠራቢ ይህ ጥሩ ነው፤ እጁን እንደፈለገ ያቀርባል። ለጀማሪ ልጅ ግን አደጋው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ጫፉን እንጨት ላይ ወግቶ ሲገፋ ቢላዋው ድንገት ይቆማል፤ እጁ ግን አይቆምም፤ ወደ ፊት ተንሸራቶ ስለቱ ላይ ያርፋል። ጣት የሚያጥፉት ጅማቶች በመዳፍ በኩል፣ ከቆዳው ብዙም ሳይርቁ ያልፋሉ። ጅማት ከተቆረጠ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ጣቱ አይታጠፍም፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው «ካምፓኒየን» ነው። እጀታው ከፕላስቲክ የተሠራ ሆኖ መያዣው ላይ ጎማ መሳይ ነገር አለው፤ እርጥብ እጅም አያንሸራትትም። በስለቱ በኩል ጣት የሚያግድ ጉብታ አለው። ይኸው ቢላዋ በካርበን ስቲልም በማይዝግ ብረትም ይሠራል። ካርበን ስቲሉ በቀላሉ ይሳላል፤ ነገር ግን እርጥብ ሆኖ ከተረሳ ይዝጋል። መጥረግ ለሚረሳ ልጅ የማይዝገው ይሻላል። አጎትየው የመረጠው «ሄቪ ዱዩቲ» የተባለው የዚሁ ዓይነት ነው፤ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። እንጨት ለመፍለጥ ይጠቅማል። ቀጭን እንጨት ለመቅረፅ ግን ወፍራም ስለት የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት ሲበዛ ደግሞ ቢላዋው ያመልጣል።

ሦስተኛው «ስካውት 39» ነው። እጀታው እንጨት ነው፤ ጣት ማገጃው ግን ከላይም ከታችም ስላለ ልጁ ቢላዋውን ገልብጦ ቢይዘው እንኳ ይከላከልለታል። የዚሁ ዓይነት ሆኖ «ሴፍ» የሚል ስም የተጨመረበት አለ፤ ጫፉ ሹል ሳይሆን ክብ ነው። እንጨት ለመላጥና ለመቅረፅ የሚሠራው የስለቱ ሆድ ስለሆነ፣ የጫፉ መደነዝ ለጀማሪው ምንም አያጎድልበትም። ልጆች ሲሯሯጡ ወይም ሲገፋፉ ዓይንና ሆድ ላይ የሚደርሰውን የመውጋት አደጋ ግን ይቀንሳል።

እኔ የመረጥኩት ይህንን ክብ ጫፍ ያለውን ነው፤ እናቱም በዚህ ተስማማች። አብሮት ግን ደንብ ወጣለት። የሚቀርፀው ተቀምጦ፣ ስለቱን ከራሱ ወደ ውጭ እየገፋ ነው። ክንዱን ዘርግቶ የሚደርስበት ቦታ ላይ ሰው ካለ ቢላዋው ከአፎቱ አይወጣም። ሲነሳ ቢላዋው ወደ አፎቱ ይገባል። ስለቱን የሚስለው ትልቅ ሰው ነው፤ የደነዘ ቢላዋ አስገድዶ ስለሚያስገፋ ከተሳለው ይልቅ ያቆስላል። በስዊድን ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ሕግ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይና በትምህርት ቤት ቢላዋ መያዝን ስለሚከለክል፣ ቢላዋው በትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሊቆረጥ ይችላል። በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ያዙት፤ እጁን ከፍ አድርጉ፤ እየገለጣችሁ ሳታዩ አሥር ደቂቃ ቆዩ። ደሙ ሲቆም በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡ። ቡናም ሆነ አፈር ቁስሉ ላይ አታድርጉ። ከዚያ ልጁ እያንዳንዱን ጣት እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ ጠይቁት። አንዱ እንኳ እምቢ ካለ ወይም ጫፉ ከደነዘዘ፣ ወይም ደሙ አልቆም ካለ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ መቼ እንደተሰጠም የክትባት ካርዱን ይዛችሁ ጠይቁ።