ትዝታ በክራርና በኪቦርድ፦ ከቅኝት የወጣው ማን ነው?

በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በባቱም ሆነ በሻሸመኔ ክራርና ኪቦርድ አብረው ትዝታን ሲጫወቱ ሰምታችሁ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ድምፁ ሻከር ሲል «ክራሩ ከቅኝት ወጥቷል» ይባላል። ለመሆኑ ጥፋቱ የክራሩ ብቻ ነውን? ጥያቄውን በፊዚክስ ዓይን እንመርምረው።

ትዝታ የዘፈንም የቅኝትም ስም ነው። ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ሲሆን፣ አምስት ድምፆች አሉት። ሦስተኛውና አምስተኛው ድምፆች በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ትዝታ ማይነር ይባላል። አጨዋወቱም ብዙ ነው፤ ካሳ ተሰማ በክራር፣ ማህሙድ አህመድ በባንድ ታጅቦ፣ ሙላቱ አስታጥቄ በኢትዮ ጃዝ ተጫውተውታል።

ልዩነቱ ከመሣሪያዎቹ ተፈጥሮ ይጀምራል። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ አለው፤ አዝማሪው ጣቱን በክሩ ላይ እያንሸራተተ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ሁሉ ሊነካ ይችላል። ክራር ግን ለእያንዳንዱ ድምፅ የየራሱ ክር አለው። የክር ድግግሞሽ በርዝመቱ፣ በክብደቱና በውጥረቱ ይወሰናል፤ ውጥረቱ አራት እጥፍ ቢያድግ ድግግሞሹ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ተጫዋቹ መቃኛውን የሚያጠብቀውና የሚያላላው ውጥረቱን ለመለወጥ ነው፤ ዳኛውም ጆሮው ነው።

ጆሮ ደግሞ በትንንሽ ሙሉ ቁጥሮች የሚገለጽ ጥምርታን ሲሰማ ያርፋል። መነሻው ድምፅ 200 ሄርዝ ነው እንበል። በ9:8፣ በ5:4፣ በ3:2 እና በ5:3 ጥምርታ ብንቃኝ የቀሩት አራት ድምፆች 225፣ 250፣ 300 እና 333.3 ሄርዝ ይሆናሉ። ኪቦርድ ግን ድምፅ እጥፍ እስኪሆን ያለውን ርቀት በ12 እኩል እርምጃዎች ይከፍላል፤ እያንዳንዱ እርምጃ ድግግሞሹን በ1.0595 ያበዛል። በዚህ ስሌት አራቱ ድምፆች 224.5፣ 252፣ 299.7 እና 336.4 ሄርዝ ይሆናሉ።

አሁን ሦስተኛውን ድምፅ እንመልከት። 250 እና 252 ሄርዝ በአንድነት ሲሰሙ ሁለቱ ሞገዶች በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይደጋገፋሉ፣ ሁለት ጊዜም ይጣፋሉ። ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ፊዚክስ ይህን ክስተት «ቢትስ» ይለዋል። በአራተኛው ሃርሞኒክ ላይ ደግሞ ልዩነቱ 8 ሄርዝ ይደርሳል። የሻካራነቱ ምንጭ ይኸው ነው።

ኪቦርድ ይህን ስምምነት የተቀበለው በምክንያት ነው፤ ዘፋኙ መነሻ ድምፁን ቢለውጥ እንደገና መቃኘት አያስፈልገውም። ክራር ተጫዋች ሁሉ በተጠቀሱት ጥምርታዎች ልክ ይቃኛል ማለታችንም አይደለም፤ የእያንዳንዱ ጆሮ ምርጫ የየራሱ ነው። እዚህ ላይ ስሕተት የሚሆነው አንዱን መለኪያ ብቸኛ አድርጎ መውሰድ ነው።

በኪቦርድ ብቻ ያደገ ጆሮ ሌላውን አቃኛኘት ሁሉ እንደ ጉድለት ሊቆጥር ይችላል፤ ያን ጊዜ የምናጣው አንድ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን መስማትንም ጭምር ነው። ስለዚህ ድግግሞሽ በሚለካ የስልክ መተግበሪያ በአካባቢያችሁ ያለ ክራር ተጫዋች የቃኘውን ትዝታ ክር በክር ለኩ፤ ውጤቱንም ከላይ ካሰፈርናቸው ቁጥሮች ጋር አስተያዩ። ክራሩ ከቅኝት ወጥቷል ከማለታችን በፊት «ከየትኛው ቅኝት?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።