ጎጆን የሚያጋልጠው ምንድን ነው?

በአዲስ አበባና በሌሎች የደጋ ከተሞቻችን በየግቢው አጥርና ዛፍ ላይ ጎጆ ሠርተው የሚራቡ ወፎች ጥቂት አይደሉም። ሣር እየሰነጠቀ ጎጆውን የሚሸምነው ቢጫ ወፍ አለ፤ በጥቂት ጭራሮ እንደ ነገሩ የምትረበርበው ዋኔም አለች። ሆኖም እንቁላል ከተጣለባቸው ጎጆዎች መካከል ብዙዎቹ አንድም ጫጩት ለመብረር ሳያበቁ ይቀራሉ። ዝናብና ነፋስ የየራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም፣ በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ዋነኛው ምክንያት በአዳኝ መበላት ነው።

የአዳኞቹ ዓይነት ብዙ ነው። ድመትና ቁራ ለሁላችንም የታወቁ ናቸው፤ አይጥና እባብ ደግሞ ሌሊቱን ይጠቀሙበታል። ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን በሳይንሳዊ ስሙ ፖሊቦሮይድስ ቲፐስ የሚባለው፣ ፊቱ ላባ የሌለበት ግራጫ አሞራ ነው። የእግሩ መገጣጠሚያ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ስለሚታጠፍ እግሩን በዛፍ ቀዳዳና በተሸመኑ ጎጆዎች ውስጥ አስገብቶ ጫጩቶችን ይለቅማል። የሸማኔው ወፍ ጥበብ ሁሉ በዚህ አሞራ ፊት ከንቱ ይሆናል ማለት ይቻላል።

ለመሆኑ አዳኙ በቅጠል የተሸፈነውን ጎጆ እንዴት ያገኘዋል? በመካከለኛው አሜሪካ ረጅም ዕድሜውን ወፎችን በመከታተል ያሳለፈው አሌክሳንደር ስከች በ1949 እ.ኤ.አ. አንድ መላምት አቀረበ። በሐሩር ክልል የሚኖሩ ወፎች ጥቂት እንቁላል ብቻ የሚጥሉት ምግብ ስላጠራቸው ብቻ ላይሆን ይችላል። ጫጩት በበዛ ቁጥር ወላጆቹ ምግብ ይዘው የሚመላለሱበት ጊዜ ይበዛል፤ ምልልሱ በበዛ ቁጥር ደግሞ የአዳኝ ዓይን ወደ ጎጆው ይሳባል። ከዚህ አንጻር ሲታይ ጎጆን የሚያጋልጠው ከሁሉ በላይ በዙሪያው ያለው እንቅስቃሴ ነው።

የወፎቹ ጠባይም ይህንኑ የሚደግፍ ነው። የብዙ ትናንሽ ወፎች ጫጩቶች ኩሳቸውን በስስ ከረጢት ተጠቅልሎ ያወጡታል፤ ወላጆቹም አንስተው ርቀው ይጥሉታል። ከተፈለፈለ በኋላ የሚቀረው ቅርፊት እንኳ ይወገዳል። በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ የሆነው ኒኮ ቲንበርገን በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ባደረገው ሙከራ፣ የተሰበረ ቅርፊት አጠገባቸው የተቀመጡ እንቁላሎች ብቻቸውን ከተቀመጡት ይበልጥ በአዳኞች ተገኝተው መበላታቸውን አሳይቷል።

በ2013 እ.ኤ.አ. በሼፊልድ ከተማ የተካሄደ ጥናት ደግሞ ነገሩን ወደ ግቢያችን ያቀርበዋል። ተመራማሪዎቹ ብላክበርድ በሚባል ወፍ ጎጆዎች አጠገብ ቆዳው ተሞልቶ የተዘጋጀ ድመት ለ15 ደቂቃ ብቻ አስቀመጡ። ለማነጻጸሪያ ጥንቸል ተጠቀሙ። ድመቱ ከተነሣ በኋላ ወላጆቹ ጫጩቶቻቸውን የሚመግቡበት መጠን በሲሶ ያህል ቀነሰ። በቀጣዮቹ 24 ሰዓታት ውስጥም ብዙ ጎጆዎች ተዘረፉ፤ የዘረፏቸው በአብዛኛው የቁራ ወገን የሆኑ ወፎች ነበሩ። ወላጆቹ ድመቱን ለማባረር ያሰሙት ጩኸት ጎጆው የት እንዳለ ለሌላ ጠላት ነግሮበታል። ጥፍሩን ያላነሣ፣ እስትንፋስ እንኳ የሌለው ድመት ይህን ያህል ጉዳት አስከተለ!

ስለዚህ ከጎጆው ሥር ቆሞ አዳኝን ማባረር ብዙም አይረዳም፤ አስቀድሞ መዘጋጀት ግን ይረዳል። ከአጥርና ከጣሪያ ራቅ ብሎ በቆመ ዛፍ ግንድ ላይ፣ ድመት ዘልላ ከማትደርስበት ከፍታ ጀምሮ ሰፋ ያለ ለስላሳ ቆርቆሮ ቢጠመጠም ጥፍሯ መያዣ ያጣል። ቅርንጫፉ ግድግዳ የሚነካ ከሆነ ግን ቆርቆሮው ከጌጥ አያልፍም። በዝናቡ ወራት ብዙ ወፎች ስለሚራቡ የጥድ አጥርን መከርከም ለበጋ ማቆየት ይገባል፤ የሳሳ አጥር ጎጆውን ከላይ ለቁራ፣ ከጎን ለድመት ይገልጠዋል። ሜዳ ላይ የሚደፋ የወጥ ቤት ትራፊም ቁራን፣ አይጥንና ባለቤት የሌለውን ድመት በአንድ ጊዜ ይጠራል።

የቤት ድመትን በተመለከተ አይጥ እንድትይዝ ተብሎ ምግብ የሚነፈጋት ብዙ ናት፤ በጾም ወራትማ ከቤተሰቡ ጋር አብራ ትጾማለች። በ2021 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በ355 ድመቶች ላይ የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሥጋ የበዛበት ምግብ የተሰጣቸው ድመቶች አድነው ወደ ቤት የሚያመጡት በ36 በመቶ ቀንሷል። በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማጫወት እንኳ የ25 በመቶ ቅናሽ አስገኝቷል። አንገታቸው ላይ ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ ሲታሰር ይዘው የሚመጡት ወፍ በ42 በመቶ ሲያንስ፣ ብዙ ሰው የሚተማመንበት ቃጭል ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። አይጥ ለበዛበት ቤት ይህ ቀላል ምርጫ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ቢያንስ ጫጩቶቹ ለመብረር በሚቃረቡባቸው ጥቂት ቀናት ድመቷን ማለዳ ላይ በቤት ውስጥ ማቆየት ይቻላል።

ለመስክ ሥራ ወይም ለፎቶግራፍ ጎጆ የሚፈልግ ተማሪም ከአጋላጮች አንዱ ሊሆን ይችላል። ሰው የነካውን ጫጩት እናቱ ትተወዋለች የሚለው በብዙ አገር የሚነገር እምነት ለአብዛኞቹ ወፎች እውነት አይደለም። አደጋው ሌላ ነው፤ የተረገጠው ሣርና የተገለጠው ቅጠል መንገድ ጠቋሚ ይሆናል። ልምድ ያላቸው ተመራማሪዎች ቁራ በአቅራቢያው ካለ ወደ ጎጆው አይጠጉም። ሲጠጉም ከጎጆው ደርሰው በመጡበት አይመለሱም፤ የእግራቸው ዱካ እዚያ እንዳያበቃ አልፈው ይሄዳሉ። ላባ ያወጡ ጫጩቶች ደግሞ ሰው ሲጠጋቸው ጊዜያቸው ሳይደርስ ዘለው ሊወርዱ ስለሚችሉ፣ በዚያ ሰሞን ከሩቅ ሆኖ በአጉሊ መነጽር መመልከት ይሻላል።

ላባ ለብሶ መሬት ላይ የሚንፈራገጥ ጫጩት ሲገኝም ሁልጊዜ ወላጅ አልባ ነው ማለት አይደለም። ወላጆቹ ብዙውን ጊዜ በአቅራቢያው ሆነው ይመግቡታል። ድመት ካለ አንስቶ ቅርብ ካለ ቁጥቋጦ ላይ ማስቀመጥና ቶሎ ከአካባቢው መራቅ በቂ ነው።