የዋልያ መንጋ ለምን ተመናመነ? መልሶ የመብዛት ተስፋውስ?

ከቤይሩት በስተደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው የሹፍ ጥብቅ ሥፍራ በዝግባ ደኑ የታወቀ ነው። በእነዚህ ተራሮች ይኖር የነበረው የኑቢያ የዱር ፍየል ግን በአደን ብዛት ከሊባኖስ ፈጽሞ ጠፍቶ ቆይቷል። ዝርያውን መልሶ ለማርባት ከዮርዳኖስ እንስሳትን ማስመጣት ግድ ሆኗል።

የዚህ እንስሳ የቅርብ ዘመድ የሆነው ዋልያም ዛሬ ከባድ አደጋ ተደቅኖበታል። ልዩነቱ ዋልያ ከኢትዮጵያ የሰሜን ተራሮች በቀር በየትም አገር የማይገኝ መሆኑ ነው። በአራዊት ማቆያ የሚረባ መንጋም የለውም። ስለዚህ ከጠፋ ተመልሶ የሚመጣበት ሌላ ሥፍራ የለም።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቋቋም ዋና ዓላማው ይህን እንስሳ መጠበቅ ነበር። ጥበቃውም ፍሬ አፍርቷል። በ1960ዎቹ ከ200 በታች እንደሚሆን ይገመት የነበረው የዋልያ ቁጥር እስከ 2015 ገደማ ከ800 በላይ ደርሷል። ፓርኩ ከ1996 ጀምሮ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ከቆየ በኋላ በ2017 ሊወጣ ችሏል። በቅርብ ዓመታት በተደረጉ ቆጠራዎች ግን የተገኘው ቁጥር 300 ገደማ ብቻ ነው።

ለመመናመኑ አንድ ብቻ ምክንያት አይሰጥም። የቤት እንስሳት ግጦሽና የእርሻ መስፋፋት ዋልያን ወደ ገደሉ ጠርዝ ገፍተውታል። በ2019 የተነሣው ቃጠሎም ጓሳውንና የአስታውን ደን ጎድቷል። ከ2020 ወዲህ በአካባቢው የተከሠቱት ግጭቶች ደግሞ የጠባቂዎችን ቁጥጥር በማዳከማቸው ሕገ ወጥ አደን ተባብሷል። ጎብኚዎች በመቅረታቸውም መንገድ በመምራት፣ በቅሎ በማከራየትና ምግብ በማብሰል ይተዳደሩ የነበሩ የደባርቅና የአካባቢው ነዋሪዎች ገቢያቸው ተቋርጧል። ፓርኩ እንጀራ የማይሆነው ነዋሪ ደግሞ እርሱን ለመጠበቅ የሚኖረው ምክንያት ይቀንሳል።

የማገገም ተስፋው ግን አልተሟጠጠም። መንጋው ከዚህ ያነሰ ቁጥር ይዞ እንኳ ተመልሶ መብዛቱ ይታወቃል። ሆኖም የዋልያ እናት አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል በመሆኑ፣ በጥቂት ወራት የሚገደለውን ለመተካት ብዙ ዓመታት ያስፈልጋሉ።

ስለሆነም ቅድሚያ የሚሰጠው ሥራ ግልጽ ነው፤ ሰላም ሰፍኖ ጠባቂዎች ያለ ሥጋት እንዲሰማሩ ማድረግ፣ አደንን ማስቆም፣ ግጦሽን መገደብ፣ እንዲሁም ለነዋሪው ምትክ መተዳደሪያ ማቅረብ። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ገደማ ወደ ደባርቅ መዛወራቸው በፓርኩ እምብርት ሰፊ የግጦሽ መሬት አስለቅቋል፤ ይህ መሬት ለዋልያ የሚጠቅመው ግን ጥበቃው ሲመለስ ነው። ሊባኖስ ከጎረቤት አገር ያገኘችውን ዕድል ኢትዮጵያ ልታገኝ ስለማትችል፣ የዋልያ ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው አሁን በተራራው ላይ በቀሩት እንስሳት ነው።